ሁለት ውድ ወንበሮች

ወጋሕታ ማኑሄን ያገኘችው አንድ የለንደን ቲያትር ቤት ደጃፍ፣ በጠዋት ሰልፍ ላይ ነው።

ቲያትር ቤቱ ለማታው ትርኢት የተረፉትን ጥቂት ርካሽ ቲኬቶች ጠዋት በሩን ሲከፍት ቀድሞ ለተሰለፈ ሰው ይሸጣል። ወጋሕታ የእረፍት ቀኗ ስለነበር ከኪልበርን በመጀመሪያው ባስ መጥታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ እጆቿን እያሻሸች ቆማለች። ስልኳ ጮኸ። እናቷ ወይዘሮ ትበርህ ናቸው።

«የት ሄድሽ ጓለይ፣ ልጄ? አልጋሽ ባዶ ነው።»

«ሰልፍ ላይ ነኝ እማ።»

«የምን ሰልፍ? ምን ተቃውማችሁ ነው?»

«ተቃውሞ አይደለም። የቲያትር ቲኬት ልገዛ ነው።»

«ለቲያትር? በዚህ ብርድ? በደርግ ጊዜ እኛ ለዘይት ተሰልፈናል፤ ለዘፈን የተሰለፈ ሰው ግን አላየሁም!»

ከኋላዋ አንድ ሰው ሳቁን አፍኖ ሲያበቃ አመለጠው። ዞር አለች። ረዘም፣ ቀጠን ያለ ወጣት ነው፤ ሻርፑን እስከ አፍንጫው ስቦታል። ዓይኖቹ ግን ይስቃሉ።

«ይቅርታ፣» አለ በአማርኛ። «የኔም እናት ቃል በቃል ይህንኑ ነው ያለችኝ። ዘይቱን ትተሽ ስኳር አድርጊው።»

እነሱ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ የቀሩት ሁለት ወንበሮች ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ከአንድ ወፍራም ምሰሶ ጀርባ ናቸው። ማታ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ምሰሶው መድረኩን ለሁለት ከፍሎባቸው ነበርና ብዙም ሳይቆዩ ተስማሙ፤ እሷ በግራ በኩል ያየችውን ትነግረዋለች፣ እሱ በቀኝ በኩል ያየውን ይነግራታል።

«በሩን ከፍታ ገባች፣» ትለዋለች በሹክሹክታ።

«እሱ ደግሞ ደብዳቤውን ኪሱ ከተተ፣» ይላታል።

ትርኢቱ አልቆ ወደ ባስ ፌርማታው ሲሄዱ ማኑሄ አንዴ ብቻ የሰማውን ዜማ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንጎራጎረላት። ወጋሕታ ቆማ አየችው። ሁለት ባስ አለፋቸው።

ማኑሄ በዘጠኝ ዓመቱ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ብሪክስተን ከእናቱ ጋር የሚኖር ልጅ ነው። ፓርክ ሮያል በሚገኝ አንድ መጋዘን የጭነት መኪኖችን በስልክ ያሰማራል። ወጋሕታ እዚሁ ለንደን የተወለደች ናት፤ የጥርስ ሐኪም ቤት በእንግዳ ተቀባይነት ትሠራለች። እናቷ ኤርትራዊት፣ ካቶሊክ፣ በአማርኛ ተምረው ያደጉ ሴት ናቸው። ብቸኛ ወንድማቸው ባድመ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ወጋሕታ የማኑሄን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ ስታነሳ ወይዘሮ ትበርህ ሰሐን እያጠቡ ነበር፤ ቧንቧውን ዘጉትና እጃቸውን ቀስ ብለው አደረቁ።

«ልጁ ምን አጠፋ አልልም፣» አሉ በመጨረሻ። «ግን የወንድሜን ፎቶ ከግድግዳው አውርጄ ነው የምቀበለው ወይስ እዚያው እንዳለ?»

ፍቅሩ ግን መልስ አልጠበቀም።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በርካሽ ወንበር፣ ከጣሪያው ሥር፣ አንዳንዴም ቆመው ያላዩት ትርኢት አልነበረም። እሁድ እሁድ ኪልበርን ዋናው መንገድ ላይ ካለች ካፌ ይሰበሰባሉ። ነርስነት የምትማረው ሶፊያና የሒሳብ ሠራተኛው ሕዝቅያስ የቲያትር ጓደኞቻቸው ናቸው። አራቱም አንድ ሻይ ይዘው ሦስት ሰዓት ይከራከራሉ። የካፌው ባለቤት ሲሰለቸው መብራት ያጠፋባቸዋል።

በሦስተኛው ዓመት ማኑሄ ተለወጠ።

መጀመሪያ ላይ ወጋሕታ ልብ አላለችውም። መጋዘኑ ውስጥ ከስልክ ሥራ ወጥቶ ዕቃ ጫኝ መሆኑን ሲነግራት «ቢሮ ሰለቸኝ» አላት፤ አመነችው። መንገድ ላይ ሁልጊዜ እሷን በቀኙ ማድረጉን ከመኪና ሊከላከላት መሰላት፤ ወደደችለት። ሰው ሲቀልድ ከሁሉም በኋላ መሳቅ ጀመረ። ስልክ ስትደውልለት አያነሳም፤ በጽሑፍ ይመልስላታል። ያንጎራጉር የነበረ ሰው ማንጎራጎር ተወ።

«ደክሞኝ ነው፣» ይላል።

የሰው ልጅ ሲወድ የሚጠረጥረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወጋሕታም ሰልችቼዋለሁ ብላ ጠረጠረች።

በዚያው ሰሞን ከብሮድዌይ አዲስ ሙዚቃዊ ትርኢት መጣ። ኒውዮርክ ወደብ ላይ ስለሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች ነው አሉ። ፖስተሩ በየባሱ ጎን ተለጠፈ። የዚያ እሁድ ካፌዋ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም።

«ኒውዮርክ ያዩት ሁሉ አልቅሰው ነው የወጡት፣» አለች ሶፊያ።

«እኔ ደግሞ ዋጋውን አይቼ አልቅሻለሁ፤ ገና ሳልገባ!» አለ ሕዝቅያስ። «በዚያ ብር እኮ ሰው ስፔን ደርሶ ይመለሳል።»

«ስፔን እንዲህ ዓይነት ዘፈን የለማ፣» አለች ወጋሕታ። «ደግሞ እዚያ ከመድረኩ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ስንት ሙዚቀኛ ተቀምጦ በእጁ ይጫወታል። አልባሳቱ፣ መብራቱ፣ የሚሰፋው፣ የሚጎትተው… ሁሉም ልጆች አሉት። ሰው ጦሙን እያደረ እንዲዘፍንልን ነው የምንፈልገው?»

«ሙዚቀኛው መቼ በላው!» አለ ማኑሄ ድንገት። ድምፁ ከፍ ብሎ ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ዞሩ። «የሚበላው ሌላ ነው። ቲያትር የሀብታም ሰርግ ሆኗል፤ እኛ አጥር ላይ ተንጠልጥለን የምናጨበጭብ። እኔ ሳንቲም አልሰጣቸውም።»

«ኦኬ፣ ኦኬ፣» አለች ሶፊያ እየሳቀች። «በስልክ የሚሞላ የቲኬት ሎተሪ አለ አይደል? አፕላይ እናድርግ። ከደረሰን በርካሽ እንገባለን።»

«በነፃ ቢሰጡኝም አልሄድም።»

ሕዝቅያስ ኩባያውን አስቀመጠ።

«በነፃም ካልሄድክ ዋጋው አይደለማ፣» አለ ቀስ ብሎ።

ማኑሄ ፊቱ ተለዋወጠ። ኮቱን አንስቶ ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎ ወጣና አልተመለሰም። ወጋሕታ በመስኮቱ በኩል ሰው መሀል ሲጠፋ አየችው። ምሳውን ዘሎ ቲኬት ይገዛ የነበረው ልጅ እሱ ነበር። አልገባትም።

አልገባኝም ብላ ግን አልተወችም። ለሁለት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይም ሠራች። ከዚያ ለቅዳሜ ከሰዓት ትርኢት ሁለት ወንበር ቡክ አደረገች፤ ከምሰሶ ጀርባ ያልሆነ፣ ከጣሪያ ሥር ያልሆነ፣ መድረኩ ፊት ለፊት፣ መሀል ላይ። ከዚያም እናቷ ዘንድ ሄዳ ተንበረከከች።

«እማ፣ ሦስት ዓመት ሆነ። ስለ ማኑሄ አንድ ቃል ስጪኝ።»

ወይዘሮ ትበርህ በዚያ ሳምንት አላናገሯትም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ፀጉሯን ስታበጥር ከኋላዋ መጥተው ማበጠሪያውን ተቀበሏት። እንደ ሕፃንነቷ ጊዜ ቀስ ብለው እያበጠሩላት፣ «ፎቶው እዚያው ይሁን፣» አሉ። «ወንድሜ ሰው ይወድ ነበር። ሽማግሌ ይላክ። እቀበላለሁ።»

ወጋሕታ ይህን ቃል ይዛ ነው ወደ ቲያትር ቤቱ የበረረችው።

‹የምነግርህ አለ፣ ቲያትር ቤቱ ጋ ጠብቀኝ› ብላ ስለጻፈችለት ማኑሄ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ የሰው ሠርግ የተጠራ መስሏል። ቲኬቶቹን ሲያይ ግን ከንፈሩ ደረቀ።

«ይሄን ሁሉ ለምን አወጣሽ?»

«ላንተ ነዋ። ከኔ ጋር እንድታይልኝ።»

እንደልማዱ እሷን በቀኙ ሊያደርግ ፈልጎ ነበር። ዳሩ ግን ከዘራ የያዙ አሮጊት መተላለፊያው ዳር ባለው ወንበር ላይ ቀድመው ተቀምጠው ስለነበር በጠባቡ ተሻግረው ሲገቡ ቦታቸው ተለዋወጠ። ወጋሕታ በግራው ተቀመጠች። ማኑሄ ቦታ ሊቀያየር ብድግ አለ፤ መብራቱ ጠፋ።

ትርኢቱ ከተባለውም በላይ ነበር። ሰው ሲስቅ አዳራሹ ይነቃነቃል። ማኑሄ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ የተዋናዮቹን አፍ አፍ ያያል። ሲሳቅ ትንሽ ዘግይቶ ይስቃል። ወጋሕታ ፊቱን በጎን እያየች፣ ይህ ሁሉ ትኩረት ከደስታ ነው ብላ ልቧ ሞላ።

ከዚያ ታናሺቱ እህት ብቻዋን መድረኩ ላይ ቀረች። ሙዚቃው አንድ ክር እስኪመስል ቀጠነ። መብራቱም ቀስ በቀስ ሄደ። ድፍን ጨለማ ውስጥ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ያም እንደ ትንፋሽ። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም።

ወጋሕታ ከዚያ የተሻለ ሰዓት አይገኝም ብላ አሰበች። ከንፈሯን ወደ ግራ ጆሮው አስጠጋች።

«ማኑሄ፣ እናቴ ዛሬ ጠዋት እሺ አለች። ሽማግሌ ላክ።»

ጠበቀች። ማኑሄ እጇን ቸብ ቸብ አደረጋት፤ ለልጅ እንደሚደረገው። ከዚያ ፊቱን እንኳ ወደ እሷ ሳያዞር ዝም አለ።

እረፍት ሆነ፣ መብራት በራ። አሁን ይናገራል ብላ አየችው።

«አይስክሬም ልግዛልሽ?» አላት ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ዋጋው ግን ላሚቱን ጨምሮ ሳይሆን አይቀርም።»

«አልፈልግም፣» አለች።

ከዚያ በኋላ መድረኩ ላይ የሆነውን ወጋሕታ አላየችም። ሴት ልጅ አፍ አውጥታ «ሽማግሌ ላክ» ማለቷ ራሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያስተማሯት እናቷ ናቸው። አንዴ ተናግራለች። ያም ሰው እጇን ቸብ አድርጎ አይስክሬም ልግዛልሽ ብሏታል። ሁለተኛ መጠየቅ ውርደት ነው። በመጨረሻ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እሷም ቆመች። ማኑሄ ብቻ ተቀምጦ መዳፎቹን ይመለከታል።

ውጭው ገና ብርሃን ነበር። ሳይነጋገሩ ሄደው ዋተርሉ ድልድይ ላይ ደረሱ። ነፋሱና የመኪናው ጩኸት ያደነቁራል። ማኑሄ ቆመ።

«ወጋሕታ፣ ይብቃን። እኔ ላንቺ የምሆን ሰው አይደለሁም።»

ወጋሕታ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች፤ እንባዋን እንዳያይባት።

«ይሄ ነው መልስህ?»

ማኑሄ አልመለሰላትም። እሷም አልደገመችም። ዞር ስትል ራመድ ብሏል። አንዴ ቢዞር ትሮጥ ነበር። አልዞረም።

ቤት ስትገባ ወይዘሮ ትበርህ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ለእህታቸው ደውለው አብስረው ጠበቋት።

«ምን አለ?»

«ዝም አለ።»

እናትየው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ዝም ማለትም መልስ ነው፣ ጓለይ፣» አሉ።

እሁድ ካፌው ቀረ። ማኑሄ ፓርክ ሮያል ያለውን ሥራ ለቀቀ፤ ስልኩ አይሠራም። ሶፊያ ከለንደን መውጣቱን ሰማሁ አለች፤ የት እንደሆነ ግን አላወቀችም። ወጋሕታ ሥራዋን ሠራች፣ ቤቷ ገባች። ሊያገባት የጠየቃት ደህና ሰው ነበር፤ ጊዜ ስጠኝ እያለችው ሄደ። ቲያትር ግን አልገባችም። «ውድ ነው፣» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ዓርብ እናቷ ዓሣ እንድትገዛ ላኳትና ብሪክስተን ገበያ ወረደች። ዓሣ ሻጮቹ ዋጋ እየጠሩ ይጮኻሉ፤ በረዶው መሬት ላይ ይቀልጣል። ከፊቷ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመውን ሰው አንገቱን አይታ አወቀችው።

«ማኑሄ!»

አልዞረም።

«ማኑሄ!»

ሰው ዞረ፤ እሱ አልዞረም። አሁንም? አለች በሆዷ። ትታው ልትሄድ ስትል ከረጢቱን ለመያዝ ጎንበስ አለና አያት። ያኔ ከግራ ጆሮው በስተጀርባ ያለውን ትንሽ የመስሚያ መሣሪያ አየች። በቀኙም አለ።

ሁለቱም ዓሣው መሀል ቆሙ።

«ጠርተሽኝ ነበር?» አላት። ድምፁ ከቀድሞው ጎላ ያለ፣ ቃላቱን የሚመዝን ሆኗል።

«አዎ።»

«እያየሽኝ ተናገሪ። አሁን ከጆሮዬ ይልቅ ዓይኔ ነው የሚሰማልኝ።»

ወደ ገበያው ዳር ወጥተው አንድ የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀመጡ። እሱ እጁን እያሻሸ ነገራት። አባቱ በጎልማሳነቱ ጆሮው ጠፍቶ ነበር፤ የዘር ነው። እሱንም በሃያ ስድስት ዓመቱ ጀመረው፤ በመጀመሪያ ግራው፣ ከዚያ ቀኙ።

«እናቴ አባቴን እየወደደችው ነበር የምትጮኸው፣» አላት። «ኋላ ፍቅሩ አለቀና ጩኸቱ ብቻ ቀረ። እኔ እሱን እያየሁ ነው ያደግሁት። አንቺ ደግሞ ዘፈን የምትወጂ ልጅ ነሽ። ቲያትር ውድ ነው እያልኩ ካፌ ውስጥ ስጮህ… ዋጋው አልነበረም። አለመስማቴን ከምታውቂ ቋጣሪ ነው ብትይኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን እዚያ ውድ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ቃል አልሰማሁም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አየሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ያኔ ነው የወሰንኩት።»

ግራው፣ አለች ወጋሕታ በልቧ። በግራው ነበርኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከኔ ጋር ትቀሪ ነበራ። አውቅሻለሁ፤ ትቀሪ ነበር።» እጁን ማሻሸቱን ተወ። «ሞኝ ነበርኩ። ከለንደን ከወጣሁ በኋላ በእጅ መነጋገር ተማርኩ። አሁን መስማት በተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ነው የምሠራው። እዚያ ነው የሰው ቤት እንዲህም እንደሚቆም ያየሁት። ባርኮት… ያስተማረችኝ ልጅ… ልንጋባ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ እዚሁ እናቴ ሰፈር።»

«እንኳን ደስ ያለህ፣» አለች ወጋሕታ፣ ከንፈሯ በደንብ እንዲታይ አድርጋ።

ማኑሄ አያት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ጨለማው ውስጥ አንድ ነገር ብለሽኝ ነበር። ትንፋሽሽ ጆሮዬ ላይ ተሰማኝ። ድገሚልኝ ማለት አፈርኩ፤ እጅሽን ቸብ ቸብ አደረግሁና ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አስቤዋለሁ። ምን ነበር ያልሽኝ?»

ወጋሕታ ፊቷን ማዞር ፈለገች። ማዞር ግን አትችልም፤ ካላያት አይሰማትም። ዓይኑ ከንፈሯ ላይ ነው። ከእሱ ትከሻ በላይ አንዲት ጠይም ልጅ ሎሚ የሞላ ከረጢት ይዛ፣ በሩቁ ፈገግ እያለች ወደ እነሱ ስትመጣ አየች።

«ዘፋኟ ታምራለች፣ ነው ያልኩህ፣» አለችው።

ማኑሄ ረጅም ጊዜ አያት። ማመኑንም አለማመኑንም ፊቱ አልተናገረም።

ባርኮት ደረሰች። ወጋሕታን በሁለት እጇ ጨበጠቻትና፣ በጣቶቿ አየሩ ላይ አንድ ነገር አለች።

«እንኳን ተገናኘን ትልሻለች፣» አለ ማኑሄ። «ስላንቺ ታውቃለች። ሠርጋችን ላይ እንድትመጪ ትፈልጋለች። እናትሽንም ይዘሽ።»

ያን ቀን ወጋሕታ ዓሣ ሳትገዛ ተመለሰች። ወይዘሮ ትበርህ ባዶ እጇንና ዓይኗን አይተው በሩን ዘጉ። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ሳይሰማሽ ነው?» አሉ እናትየው። «ሳይሰማሽ? ታዲያ ደግመሽ ብትነግሪው ምን ነበረበት?»

«ሴት ልጅ ሁለቴ አትጠይቅም ብዬ ነዋ።»

ወይዘሮ ትበርህ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። «ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣» አሉ። ከዚያም ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ አልቅሰው የማያውቁትን ያህል አለቀሱ። ልጃቸው ናት ያባበለቻቸው።

ሠርጉ ብሪክስተን በአንድ ትንሽ አዳራሽ ሆነ። ወጋሕታ አልሄድም ብላ ነበር። እናቷ ግን ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። «ተጠርተናል፤ የጠራንን ሰው አናሳፍርም፣» አሉ።

ሙሽሮቹ ሲገቡ ከእንግዶቹ እኩሌታው አላጨበጨበም። መስማት የተሳናቸው የባርኮት ወዳጆች ናቸው፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጣቶቻቸውን አርገበገቡ። አዳራሹ ቅጠሉ በነፋስ የሚንቀጠቀጥ ጫካ መሰለ። ወጋሕታም እጆቿን አነሳች። ጣቶቿንም አርገበገበች።

ማኑሄ በጠረጴዛዎቹ መሀል ሲያልፍ ከፊታቸው ደረሰ። ያኔ ወይዘሮ ትበርህ ብድግ አሉ። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ለልጃቸው የሠርግ ቀን ብለው ያስቀመጡትን እልልታ አወጡት። ረዘመ፣ ተሰበረ፣ እንደገና ተነሳ። የሚሰማው ሁሉ ዞረ።

ማኑሄ አልሰማም። አፋቸውን ግን አየ፤ በጉንጫቸው የሚወርደውንም አየ። የሙሽሪትን እጅ ለቀቀና፣ በሙሽራ ልብሱ መሬት እስኪነካ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።